የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካልታመምኩ ለምን መድኃኒት እውጣለሁ?

*ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አብሮን ይኖራል። ክረምቱን ሙሉ ሲያስለው ከረመ። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ስናፈላለት ቆየን። በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታው ሲመረመር የሳንባ ቲቢ ተገኘበት። ቤተሰቡም ይምጣ ተባለ። እኔና ባለቤቴ በሽታው የለባችሁም ተባልን። ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል ግን በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡን። ለሦስት ዓመት ልጃችንም የራሱን ሰጡት። እኔ አላስልም፣ ሌሊት አያልበኝም፣ አልከሳሁም። ሰውነቴ ጀርሙን ካሸነፈው መድኃኒቱ ለምን ያስፈልጋል? ካላሸነፈውስ ለምን አልታመምኩም? አማቴ ደግሞ «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ከለመደ ሰውነቱ ይሰንፋል» እያሉ ለልጁ እንዳልሰጠው ይከለክሉኛል። ግራ ገባኝ።*
*የልጅ እናት፣ ከመሐል ሜዳ*

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን በቲቢ ክፍል ስሠራ ይህን የመከላከያ መድኃኒት ጀምረው የሚተዉት እንዳንቺ ያሉ ምንም የማያማቸው ሰዎች ነበሩ። ጥያቄያቸውም ይኸው ያንቺው ነበር። ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ሲገኝ ደግሞ ይጨርሱታል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ሰውነትሽ ጀርሙን አሸንፎታል አልልሽም። ምናልባት ይዞት ብቻ ይሆናል። መያዝና መግደል ለየቅል ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። የባለቤትሽ ወንድም ሲያስል ትልልቆቹ ጠብታዎች መሬት ላይ ይወድቃሉ። በዓይን የማይታዩት ደቃቆቹ ግን አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። የመንዝን ቤት አውቀዋለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ። ማታ ብርዱን ፈርተን በሩን በጊዜ እንዘጋለን። ኩበት አንድደን እሳቱን ከበን እናመሻለን። ያ አየር መውጫ የለውም። አንቺም፣ ልጅሽም፣ ባለቤትሽም ትተነፍሱታላችሁ። ብርድ ራሱ ቲቢ አያመጣም። ቢያመጣ ኖሮ ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ቲቢ አይኖርም ነበር። ብርዱ የሚያደርገው በርና መስኮት ማዘጋት ነው።

ደቃቁ ጠብታ ሳንባ መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ይገባል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ ህዋሳት አሉ። ሥራቸው የገባውን ባዕድ ነገር ሁሉ መዋጥና መፍጨት ነው። የአቧራ ብናኝም ይሁን የጭስ ጥቀርሻ ይውጡታል። የቲቢን ጀርምም ይውጡታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማክሮፌጅ የዋጠውን ነገር በአንድ ከረጢት ይይዝና፣ አሲድና መፍጫ ኬሚካል ካለበት ሌላ ከረጢት ጋር ይቀላቅለዋል። የቲቢ ጀርም ይህን መቀላቀል ያግዳል። ሽፋኑም ሰም የበዛበት ስለሆነ በቀላሉ አይፈጭም። ስለዚህ ሊገድለው የዋጠው ህዋስ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። እዚያው ይራባል።

የሚራባውም በዝግታ ነው። አንጀታችን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። የቲቢ ጀርም 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ዝግታው ይጠቅመዋል፤ ሰውነት ቶሎ አይነቃበትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳትም ሳልም የለም። እስከዚያ ሌሎች የመከላከያ ህዋሳት የጀርሙን ቁራጭ ይዘው ደረት ውስጥ ወዳሉት እጢዎች ይሄዳሉ። እዚያ ያሉት ቲ ሴሎች ጀርሙን ይለዩታል፣ ይባዛሉ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይመጣሉ። ስለ ኤችአይቪ ሲወራ ሲዲ ፎር ሲባል ትሰሚያለሽ። እሱ የእነዚህ ቲ ሴሎች አንዱ ወገን ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይሄዳል።

ቲ ሴሎቹ ሲደርሱ ጋማ ኢንተርፌሮን የሚባል ኬሚካል ያመነጫሉ። ያኔ ማክሮፌጁ ይበረታል። አቅቶት የነበረውን መፍጨት ይጀምራል። ብዙ ጀርም ይሞታል። የቀረውን ደግሞ ማክሮፌጆችና ቲ ሴሎች ተሰብስበው ዙሪያውን ይከቡታል። ሐኪሞች ግራኑሎማ ይሉታል። እኔ ለአገሬ ሰው ሳስረዳ ካብ ነው እላለሁ። የእርሻ ካብ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ቦታ ይናዳል። ቆሞ የሚኖረው ገበሬው የወደቀውን እያነሳ ስለሚመልሰው ነው። ይኸኛውም እንደዚያ ነው። የከበቡት ህዋሳት ይሞታሉ፣ አዲስ ይተካል። እንጀራ ስትጋግሪም ስትተኚም ሥራው አይቆምም። ያልታመምሽው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ለምን? ጀርሙ ከገባባቸው 100 ጤነኛ ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ። ሌሎቹ ሳይታመሙ ይኖራሉ። ከሚታመሙት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚታመሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ሰው ጀርሙን ጨርሶ ያጠፋዋል። ግን ማን አጠፋው፣ ማን ይዞት ተቀመጠ የሚለውን የሚለይ ምርመራ የለም። ክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገውም፣ በደም የሚሠራውም የሚናገሩት ቲ ሴሎችሽ ጀርሙን እንደሚያውቁት ብቻ ነው። አሁንም ይኑር አይኑር አይናገሩም።

ካቡን የሚንዱት ነገሮችም በየቤታችን ያሉ ናቸው። ኤችአይቪ፣ ስኳር በሽታ፣ ረሃብ፣ አረቄ ማዘውተር፣ እርጅና። የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒትም አለበት። ለዚህ ሕመም ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመከላከያ ኬሚካል የሚያግድ አዲስ መድኃኒት ወጥቶ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ያን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ላይ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ቲቢ መነሳቱ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ያ አንድ ኬሚካል ሲታገድ ካቡ ፈረሰ። ስለዚህ ሰውነትሽ ዛሬ ቢይዘውም፣ የዛሬ 20 ዓመት ስኳር ቢይዝሽ ምን ይሆናል ብለሽ ማሰብ ነው። የሦስት ወሩ መድኃኒት ተደብቆ የተቀመጠውን ይገድለዋል።

የልጅሽ ነገር ከአንቺም ይብሳል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ መከላከያው ገና አልጠነከረም። ጀርሙ ከያዘው ቶሎ ሊታመም ይችላል፤ በደም ተጉዞ አንጎል ሽፋን ላይ ሊደርስም ይችላል። ሲወለድ የተከተበው ቢሲጂ ከዚህ ክፉ ዓይነት በደንብ ይከላከልለታል። በጀርሙ እንዳይያዝ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆነውም። እባክሽ መድኃኒቱን አንድም ቀን አታስቀሪበት።

አማትሽን በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ መድኃኒቱ የሚመታው ጀርሙን ነው። የመከላከያ ህዋሳቱን አያሰንፍም፣ ሥራ ያቀልላቸዋል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሳቸው ተመርምረዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። እዚያው ቤት የሚያድሩ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትዪ ይዘሻቸው ሂጂ። የአዛውንት ሰውነት ካቡን ቶሎ ነው የሚለቀው።

ጥቂት ነገር ልጨምር። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ኢሶናያዚድና ሪፋፔንቲን ነው፤ 12 ጊዜ ትውጪና ታበቂያለሽ። የገበያ ቀን ላይ ብታደርጊው አትረሺውም። ሽንትሽ ወደ ብርቱካን ቀለም ቢቀየር አትደንግጪ፣ ከመድኃኒቱ ነው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ምግብ ካስጠላሽና ካስመለሰሽ ግን አቁመሽ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ጉበትሽ መታየት አለበት። የወሊድ መከላከያ ክኒን ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የምትጠቀሚ ከሆነም ለባለሙያዋ ንገሪ። ይህ መድኃኒት የእሱን ኃይል ይቀንሰዋል።

የባለቤትሽን ወንድም ሰሃንና ስኒ ለይታችሁ ከሆነ አንድ ላይ መልሱት። ቲቢ በዕቃ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያ መስኮት ክፈቱ፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን። ለብቻው ማዕድ ማቅረብ ግን የታመመ ሰው አንገት ያስደፋል። በዚህ ነገር በጣም ነው የማዝነው። አንቺም ብትሆኚ ጀርሙን ይዘሽ እስካልታመምሽ ድረስ ለማንም አታስተላልፊም።

*ሰላም ሲስተር። ባለቤቴ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ አለ። ትኩሳትና ክሳት ሲበዛባት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በኤክስሬይ ሳንባዋ ብዙም አልተጎዳም ተባለ። አክታዋ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ነጻ ነው አሉ። በሌላ ማሽን ሲታይ ግን ቲቢ ተገኘ። ጎረቤታችን ኤችአይቪ የለበትም፣ ጠንካራ ሰው ነው። እሱ ቲቢ ሲይዘው ሳንባው ተበስቶ ተገኘ። የደከመችው ደህና፣ ጠንካራው የተበሳ። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?*
*ከሸዋ ሮቢት*

ወንድሜ፣ ምርመራው አልተሳሳተም። ነገሩ ግን በእርግጥ ግራ ያጋባል።

ሳንባን የሚበሳው በአብዛኛው ጀርሙ ራሱ አይደለም። የሰውነት ቁጣ ነው። ጠንካራ መከላከያ ያለው ሰው ቲ ሴሎቹና ማክሮፌጆቹ ጀርሙ ላይ በብዛት ይረባረባሉ። የሚያመነጩት ኬሚካል ጀርሙን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ የሳንባውንም ሥጋ ያሟሟል። የሞተው ሥጋ ይፈሳል፣ በሳል ይወጣል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ አየር አለው፣ ጀርሙ እዚያ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ የጎረቤትህ አክታ ጀርም የሞላበት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ወዲያው ይታያል፤ ለሌላ ሰውም ያስተላልፋል። ክሳቱና የሌሊት ላቡም ከዚሁ ቁጣ ይመጣል። ከላይ ያነሳሁት ቲኤንኤፍ ጀርሙን ከቦ ለመያዝ የግድ ያስፈልጋል። ሲበዛ ግን ሰውን የሚያከሳውም እሱ ነው።

ባለቤትህ ሲዲ ፎር ሲያንሳት ያን ያህል የሚረባረብ የላትም። ስለዚህ ሳንባዋ አይበሳም። አክታዋ ውስጥ የሚወጣው ጀርም ጥቂት ስለሆነ ማይክሮስኮፕ ያልፈዋል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ግን የጀርሙን ዘረመል ስለሚፈልግ ጥቂቱንም ያገኘዋል። የሚከብበው የለምና ጀርሙ በደም ወደ ሌላ አካል ለመሄድ ይቀለዋል። ኤክስሬዩ ላይ ምንም አልታየም ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምለው «ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብለው ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ስላየሁ ነው።

ታሪኩም ያስገርማል። የቲቢን ጀርም ማግኘቱን ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ይፋ ያደረገው መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ነው። በ1890 ደግሞ ከጀርሙ የተጨመቀ ነገር አዘጋጅቶ ቲቢን ይፈውሳል አለ። ሕሙማን ከየአገሩ ጎረፉ። በመርፌ ሲወጉት ግን ከባድ ትኩሳት ያዛቸው፣ ሳንባቸው ባሰበት፣ የሞቱም ነበሩ። ቀድሞውኑ በተቆጣ ሰውነት ላይ ሌላ ቁጣ ጨመሩበት ማለት ነው። ያው ነገር ተሻሽሎ፣ በጣም በትንሹ፣ ዛሬ ለቆዳ ምርመራ ይውላል።

አሁን የምትይዘው ነገር ይህ ነው። የቲቢውንም የኤችአይቪውንም መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው ቅደም ተከተል ትውሰድ። የኤችአይቪውን ከጀመረች በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ሊመለስ ወይም እጢ ሊያብጥ ይችላል። ሲዲ ፎሯ ሲመለስ ሰውነቷ ጀርሙን እንደ አዲስ አውቆት መቆጣት ስለሚጀምር ነው። ወደ ሐኪም ውሰዳት። መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

*ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አንገቱ ላይ ያበጠው ንፍፊት ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ። ሁለተኛ ወሩ ላይ እብጠቱ ከበፊቱ ተለቀ። መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ነው? የሰፈር ሰው ይበጣ ይለኛል።*
*አባት፣ ከአንኮበር*

እንዳይበጣ! ቢበጣ ቁስሉ አልድን ብሎ ሲያዥ ሊኖር ይችላል። እጢ ላይ የወጣ ቲቢ በሕክምና መሀል ማበጡ የሚያጋጥም ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጀርሙ ሞቶ፣ ሰውነቱ ሬሳው ላይ ስለሚቆጣ ነው። ለሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ የነገርኩት ዓይነት ቁጣ ነው፣ ልጅህ ኤችአይቪ ባይኖርበትም ይሆናል። ቢሆንም መድኃኒቱን የለመደ ጀርም አለመሆኑ መረጋገጥ አለበትና ይዘኸው ሂድ፤ ከእጢው ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ። እስከዚያ ክኒኑ አይቋረጥ። ወተቱንም አፍልታችሁ አጠጡት። በአገራችን የእጢ ቲቢም ቢሆን በአብዛኛው ከሰው የሚተላለፈው ነው፤ ግን የላም ቲቢ በጥሬ ወተት ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል።

*ለአዋቂ የሚሆን የቲቢ ክትባት የለም?*
*ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን*

በሥራ ላይ ያለው ቢሲጂ ብቻ ነው። ፈረንሳዮቹ ካልሜትና ጌራን የላምን ቲቢ ጀርም ለ13 ዓመት ደጋግመው እያሳደጉ አዳክመው ሠሩት። በ1921 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ሕፃናትን ይጠብቃል፣ ለአዋቂ የሳንባ ቲቢ ግን ብዙም አይመካበትም። ኤም 72 የሚባል አዲስ ክትባት አለ። ቀደም ባለ ሙከራ ጀርሙ ያለባቸውን አዋቂዎች ከመታመም በግማሽ ያህል ጠብቋል። ከ2024 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካና ኬንያን ጨምሮ በአምስት አገሮች ትልቁ ሙከራ እየተካሄደ ነው። እኔ በጉጉት እየጠበቅኩት ነው።

*እኔ ሽማግሌ ነኝ። የሳንባ ቲቢ ይዞኝ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። ሳሉ ለቆኛል፣ ደህና ነኝ። ጾሙንም ይዣለሁ። አሁን ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለመሄድ አስቤአለሁ። ድኛለሁና መድኃኒቱን ብተወው ምን ይለኛል?*
*ከእነዋሪ*

አባቴ፣ እንኳን ለዚህ በቁ። መድኃኒቱን ግን እባክዎ አይተዉት። እንዳይተዉት የምለምንዎ በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መድኃኒቱ የሚገድለው በብዛት የሚራባውን ጀርም ነው። ሳሉ የለቀቀዎ ለዚህ ነው። ሰውነትዎ ከቦ የያዘው ጀርም ግን መራባቱን አቁሞ ተኝቷል ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ እንዲህ የተኛውን ቀስ እያለ ነው የሚያገኘው። ስድስት ወር የተባለው ለእሱ ነው። ዛሬ ቢያቋርጡ የተረፈው ይነሳል፤ መድኃኒቱን ለምዶም ሊመለስ ይችላል።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝነው ነገር እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ የማውቀው የሰውነቱን ነው። ምግብ ያነሰው ሰው ቲ ሴሎቹ ይቀንሳሉ፣ ያሉትም ይደክማሉ። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት የተሠራ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ከ10 ሺህ በላይ የሕሙማን ቤተሰብ አባላትን ተከታትለዋል። በአንዱ ወገን ለቤተሰቡ ሁሉ በየወሩ ሩዝና ጥራጥሬ ከቫይታሚን ጋር ተሰጠ። በሌላው ወገን ለሕመምተኛው ብቻ። ቤተሰቡ ሁሉ በተመገበበት ወገን በቲቢ የታመሙት ሰዎች በ40 በመቶ ገደማ አነሱ። አዲስ ክትባት አልነበረም፣ ምግብ ነው። ከሕመምተኞቹም በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደት የጨመሩት የመሞት ዕድላቸው ቀነሰ። ስለዚህ ጾሙን ከያዙም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ሽምብራው አይጉደል፣ እስከ ከሰዓት ድረስም ባዶ ሆድዎን አይዋሉ። ሲፈታ ዕንቁላልና የፈላ ወተት ይጨምሩ። አረቄ ግን መድኃኒቱ እስኪያልቅ ይቅር፤ ጉበት ይጎዳል።

ሸንኮራ መሄድዎን አልቃወምም። ከመሄድዎ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይንገሯቸው፤ ለዚያ የሚበቃ ክኒን እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ክኒኑን በዚያው በጠበሉ ቢውጡት መድኃኒቱን አይጎዳውም። ማደሪያው ከተጨናነቀ በር አካባቢ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ይያዙ።